የአገልግሌ ዛጎል

ከቡሬ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ውስጥ ባሕር አለ ብሎ የጻፈው ሰው የተማረ ሰው ነው። ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም፤ ያፍራል።

እኛ ያለን ኩሬ ነው። የቆፈርነውም ዘጠኝ ሴቶች ነን። ርዝመቱ ሃያ አምስት ርምጃ፣ ወርዱ አሥራ አምስት፣ ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል። ከላይ ካለው ምንጭ በቦይ ይሞላና ከመጋቢት እስከ ሰኔ የበርበሬ ችግኛችንን ያጠጣል። መደባችን ዘጠኝ ነው፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የምንኖረው በዚያች በርበሬ ነው።

ልጄ አደይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት አልመጣላትም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ደላላ በራችን ላይ ቆሟል፤ ሦስቱም ወደ ዓረብ አገር ሊወስዷት ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ «እስቲ ላስብበት» አለችው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየባነንኩ በሩን አያለሁ። ስለዚህ ፕሮጀክት የሚባለው መጥቶ አደይን የኩሬ ተቆጣጣሪ ብሎ ሲቀጥራት፣ ፎቶዋ ያለበት ባጅ አንገቷ ላይ ሲንጠለጠል፣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ለምን ዝም አልሽ?» የሚለኝ ስለሚኖር ነው።

ፕሮጀክቱን ይዞት የመጣው አቶ ክንፈሚካኤል ከፍኖተ ሰላም ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው ነጭ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜም ጭቃ አልነካውም። ከዚህ የሰውየውን ሥራ መገመት ይቻላል።

ታኅሣሥ ላይ ቀበሌው ግቢ ሰበሰበን። «ማስል ይባላል» አለ። «በሁለት ክዳን መሃል የሚኖር የውሃ ፍጥረት ነው። አይታረስለትም፣ አይታጨድለትም፣ መኖ አይገዛለትም። ገመድ ላይ ተጣብቆ፣ ውሃውን እያጣራ፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር እየበላ ራሱን ያሳድጋል። ዝቅተኛ ግብዓት፣ ከፍተኛ ምርት!»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ከፊት ተቀምጠው ነበር። የደብራችን አገልጋይ ናቸው፤ ቅኔ አዋቂ ናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«ክንፍ አለው?» አሉት።

«የለውም አባ።»

«ቅርፊትስ? እንደ ዓሣው?»

«እንደ ዓሣው አይደለም አባ። ውጪው ድንጋይ የመሰለ ነው።»

«እንግዲህ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት እኛ አንበላም። ማን ሊበላው ነው?»

«ለኤክስፖርት ነው አባ።»

«አሃ፣ ለሩቅ ሰው ነው» አሉ ቄሱ። «ደግ ነው። የራሱን ጎረቤት አጥግቦ የጨረሰ ሰው ለሩቁ ቢያስብ ምን ክፋት አለው።»

ሴቶቹ ሁሉ ነጠላችንን ወደ አፋችን ወሰድን። ክንፈሚካኤል ግን የተመረቀ መስሎት እጅ ነሳ።

ጎረቤቴ ወለተ ኢየሱስ ተነሣች። እሷ አፏን አትይዝም። «ዘሩስ የታለ ጌታዬ? ገመዱን አየነው። ምን ልንዘራበት ነው?»

«ዘሩ በውሃው ውስጥ በተፈጥሮ ይኖራል። ገመዱን ስናወርድ ራሱ መጥቶ ይሰፍራል።»

«ሳይዘሩት የሚበቅል እኔ የማውቀው አረም ብቻ ነው» አለችና ተቀመጠች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ ገደፋው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልማትን በጥርጣሬ አንይ» አለ። አያ ገደፋው ልማትን በጥርጣሬ አይቶ አያውቅም። ልማቱ ምን እንደሆነም ጠይቆ አያውቅም።

ሰማያዊ በርሜሎች ኩሬው ላይ ተንሳፈፉ። ከበርሜሎቹ አሥራ ሁለት ገመድ ወደ ውሃው ወረደ። የአደይ ሥራ በየቅዳሜው ገመዶቹን አውጥታ የሰፈረውን ማስል ቆጥራ መመዝገብ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ባዶ፣ ሁለተኛው ባዶ፣ ሦስተኛው ባዶ። ልጄ ንጹሕ አጻጻፍ አላት፤ ባዶውን እንኳ አሳምራ ነበር የምትጽፈው።

አንድ ከሰዓት በኋላ በብርጭቆ ውሃ ቀድታ፣ ፕሮጀክቱ የሰጣትን ማጉያ መነጽር ይዛ መጣች። «ነይ እምዬ፣ እዪ» አለችኝ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። እኔ አረንጓዴ ውሃ ነበር የማየው። በመነጽሩ ሳይ ግን ውሃው ይንቀሳቀሳል። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ ሆዳቸው የሚታይ፣ የሚዘሉ፣ የሚሽከረከሩ ነገሮች።

«ፕላንክተን ይባላሉ» አለች። «አረንጓዴው ሣሩ ነው። እነዚህ የሚዘሉት ደግሞ ከብቶቹ ናቸው፤ ሣሩን ይግጣሉ። እነሱን የእንቁራሪቷ ልጅና የውሃው ነፍሳት ይበላሉ። ሲሞቱ ይበሰብሱና ለሣሩ ፍግ ይሆናሉ። መጽሐፉ የምግብ ድር ይለዋል።»

«ማስሉስ?»

«ማስሉ ወንፊት ነው። ውሃውን ስቦ ያስገባል፣ አረንጓዴውን ያስቀራል፣ ውሃውን ይተፋል።»

«ታዲያ የት አለ?»

አደይ መነጽሩን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አለች።

እኔ ፈትል አውቃለሁ። ድር የሚባለው ነገር አንዱ ክሩ ሲበጠስ ሌላው እንደሚላላ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ያስፈለገኝ ሌላ ነገር ለማወቅ ነው።

ክንፈሚካኤል ስለ ፕሮጀክቱ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለመንደሩ ሠላሳ ቅጂ አድሎ ነበር፤ አሥራ አራት ገጽ ነው። ወለተ ኢየሱስ የበርበሬ ዘር ቋጠረችበት። አያ ገደፋው የቢሮውን የተሰበረ መስኮት ደፈነበት። እኔ ግን በጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብበት ጊዜ ላይ ነበርኩ፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የባጃጅ ጀርባ። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ ስለማነብ መዝለል አልችልም። የተማሩት ሲያነቡ ዓይናቸው ይዘላል፤ እኔ እያንዳንዷን ቃል ረግጬ ነው የማልፈው። አሥራ አራቱን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ «ማስል የሚኖረው በጨዋማ የባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ ነው» ይላል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። «በቡሬ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል» ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ የቻልኩ መስሎኝ የከረምኩት ውሸት ነው ብዬ እንባዬ መጣ። በነጋታው ጎልማሶችን ወደምታስተምረን መምህርት ሰብለ ወስጄ ጣቴን አሳረፍኩበት።

«የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት የኔታ?»

መምህርት ሰብለ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «ልክ ነው ያነበብሽው ባንቺአየሁ» አለች። «የተሳሳተው ሌላ ሰው ነው። ባሕር ካለበት አገር የመጣ ጽሑፍ ገልብጦ የቦታውን ስም ብቻ ነው የቀየረው።»

ለአደይ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። አንብባው ኖሯል። «እምዬ፣ እባክሽ ተይው። ፕሮጀክቱ ውሸት ነው ከተባለ ባጄን ይወስዱታል።» ባጇን በጣቷ ይዛ ነበር የምታወራው። ደላላው ትዝ አለኝ።

ግን ደግሞ ሰውየው ሳያውቅ ተሳስቶ ቢሆንስ? በትሕትና ብነግረው፣ ገመዱን አውጥቶ ለኩሬው የሚስማማ ሌላ ነገር ቢያመጣስ? ልጄም ሥራዋ ላይ ትቆያለች ብዬ አሰብኩ። እኔ እንዲህ ያልኩ የዋህ ነኝ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ኩሬው ዳር ሲመጣ ቀረብኩት።

«አቶ ክንፈሚካኤል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ሰባተኛው ገጽ ላይ ጨዋማ ውሃ ይላል። የኛ የምንጭ ውሃ ነው፤ ጨው የለውም።»

ወረቀቱን ተቀብሎኝ አነበበው። ያንን ገጽ ሲያየው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ጎበዝ እማማ! የማኅበረሰብ ተሳትፎ ማለት ይህ ነው። አራት ወር የፈለግነውን ክፍተት አገኙልን!»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እማማ አለኝ፤ እሱን እንኳ ተውኩለት።

«ስለዚህ ገመዱን ያወጡታል?» አልኩት።

«የምን ማውጣት! ጨው እንጨምራለን እንጂ።»

በሳምንቱ ከፍኖተ ሰላም አንድ አይሱዙ ጨው ጭኖ መጣ። አሥራ አምስት ኩንታል ነው። ስምንት የቀን ሠራተኞች ከረጢቱን እየቀደዱ ኩሬያችን ውስጥ ደፉት። ዘጠኛችንም እየጮህን ደረስን።

«ችግኛችን ምን ሊጠጣ ነው?» አለች ወለተ ኢየሱስ።

«ቀስ በቀስ ይለምደዋል» አለ ክንፈሚካኤል።

«አንተ ጨው ትለምዳለህ? አንድ ጆግ ጨው ውሃ ጠጣና አሳየን!»

አያ ገደፋው መሃል ገባ። «ኧረ እናንተ ሴቶች! ለወጣችሁ ጨው ትጨምሩ የለ? ለልማት ሲሆን ነው የሚጎመዝዛችሁ?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

አደይ ከርቀት ቆማ ነበር። ባጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

ውሃው ለጥቂት ቀን ደፈረሰ፣ ከዚያ አረንጓዴው ሄደ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኩሬው ወለል ላይ ያለው ጠጠር ሳይቀር የሚቆጠር ሆነ። አደይ በብርጭቆ ቀዳችና በመነጽሩ አየችው። እኔም አየሁ። የሚዘል የለም። የሚሽከረከር የለም። ከሥር ነጭ ዝቃጭ ብቻ ነው ያለው።

«ሣሩም ከብቱም አለቀ» አለች። «እምዬ፣ ማስሉ ተዓምር ሆኖ ቢመጣ እንኳ አሁን የሚበላው የለም።»

ክንፈሚካኤል ግን ያንን ጥራት ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣ። «አያችሁ? ማጣራት ጀምሯል! ገና ሳይታዩ ነው ውሃውን እንዲህ ያጠሩት!» የሞተን ነገር ንጹሕ ብሎ የሚያደንቅ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

የችግኛችን ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ነደደ። መደቡ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ከፈጣም ወንዝ በጄሪካን እየተሸከምን ልናድነው ሞከርን፤ ከዘጠኙ መደብ ሦስቱን ብቻ አተረፍን። የእኔ ከሞቱት ውስጥ ነው፤ የወለተ ኢየሱስ ከተረፉት። ወለተ ኢየሱስ የነደደውን ችግኜን ነቅላ እግሬ ሥር ጣለችው።

«ባንቺ፣ ተማርኩ ያልሽው ይህን ነው? እኛ ሳናነብ ስንት ዓመት ስናለማ፣ አንቺ አንድ ገጽ አንብበሽ አጠፋሽን።»

የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ግን እውነቱን የሰጠሁት ለማይገባው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ስለ ኩሬው ማንም ቢጠይቀኝ አልናገርም አልኩ።

በፕሮጀክቱ የተጠቀሙ ከብቶቹ ናቸው። እኛ አገር ከብት በዓመት አንድ ጊዜ ቧሃ ይወሰዳል፤ ጨው ጨው የሚል ውሃና አፈር ወዳለበት ሩቅ ቦታ፣ የአንድ ቀን መንገድ። አሁን ቧሃው ራሱ መጣላቸው። መጀመሪያ የጎረቤት ላሞች መጡ። ከዚያ የቀበሌው። ከዚያ ፊታቸውን የማናውቃቸው ከብቶች ይመጡ ጀመር። አጥሩን ጣሉት፣ የተረፉትን ሦስት መደቦች ዳር ዳር ረገጧቸው። የአያ ገደፋው ቀይ በሬ ጠዋት መጥቶ እስኪመሽ ከኩሬው ዳር አይነቃነቅም። አያ ገደፋው «በሬዬ እንኳ ልማት ገባው» ይል ነበር፤ እኔ እንደማስበው ከቤተሰቡ መጀመሪያ የገባው እሱ ነው።

ግንቦት ላይ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ ተባለ። ክንፈሚካኤል አደይን ጠርቶ መዝገቧን ገለበጠው። ሃያ አንድ ቅዳሜ፣ ሃያ አንድ ባዶ።

«አደይ፣ ባዶ ዳታ አይደለም» አላት። «ባዶ ማለት አልሠራሽም ማለት ነው። ነገ እንግዶቹ ገመዱን ሲያዩት የሆነ ነገር መኖር አለበት። ገባሽ? ለማሳያ ነው።»

ልጄ ቤት መጣችና አገልግሌን ከግድግዳው አወረደችው። እናቴ ስትድረኝ ቆዳ አስለብጣ፣ ዙሪያውን በዛጎል አሰፍታ የሰጠችኝ ነው። አደይ ምላጭ ይዛ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለነገ ብቻ ነው እምዬ። መልሼ እሰፋዋለሁ።»

«ለሰው ውሸት ልታሳዪ ነው?»

«አንቺ እውነት ተናግረሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። ቀና አላለችም። «ባጁን ከወሰዱብኝ እኔ እዚህ ምን አለኝ? መደብሽ እንኳ ሞቷል።»

ሌላ እናት ምላጩን ትነጥቅ ነበር። እኔ አገልግሉን አጥብቄ ያዝኩላት፣ ክሩን እንዲመቻት። አሥራ ስምንት ዛጎል ነው፤ አሥራ ስምንቱንም ያወለቅነው አብረን ነው። ስንጨርስ ቆዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነበር። ልጄ ዛጎሎቹን በመሐረብ ቋጥራ ስትወጣ ትከሻዋ ወድቆ ነበር። ዓረብ አገር ብትሄድ እዚያ የምትሆነውን ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የታዘዘችውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ የምትፈጽም። ያንን ፈርቼ ያን እዚሁ አደረግኋት።

በነጋታው ጠዋት አያ ገደፋው መጣ። «ባንቺአየሁ፣ ከጎልማሶች ትምህርት አንድ ሰው በእንግዶቹ ፊት እንዲያነብ ተወስኗል። አንቺ ነሽ።» ወረቀት ሰጠኝ። ዘጠነኛው ገጽ ነው። ክንፈሚካኤል ነው አሉ የመረጠው፤ ቡሬ የሚለው ስም ሦስት ጊዜ ስላለበት።

አደይ ኩሬው ዳር አገኘችኝ። ወረቀቱን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ቶሎ ቶሎ አንብቢው እምዬ። ቶሎ ካነበብሽው ማንም አይሰማውም።»

ችግሩ ቶሎ ማንበብ አልችልም።

ሁለት ነጭ መኪና መጣ። ስምንት እንግዶች ወረዱ፤ ዋናዋ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሴት ነበረች። ከብቶቹን ልጆች ወደ ላይ ነድተዋቸው ነበር፤ ግን ጩኸታቸው ይሰማል። ክንፈሚካኤል ስለ ገመዱ፣ ስለ ማጣራቱ፣ ስለ ውሃው ጥራት ተናገረ። ውሃው እኮ ጠርቷል፤ ማን ምን ይላል? ከዚያ አያ ገደፋው «አሁን ፊደል ያልነበራት እናት ታነባለች» ብሎ ጠራኝ። እንግዶቹ ከወዲሁ አጨበጨቡ።

ጣቴን ቃሉ ላይ አሳረፍኩ።

«በቡሬ . . . ዳርቻ . . . ባሕሩ . . . በቀን ሁለት ጊዜ . . . ይሞላል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳል አለ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው።

«ሁለት ጊዜ . . . ይሸሻል። የቡሬ . . . ዓሣ አጥማጆች . . . ጀልባቸውን . . . ወደብ ላይ . . . አስረው . . . ማዕበሉ እስኪያልፍ . . .»

ሴቶቹ ነጠላቸው ውስጥ ገቡ። የወለተ ኢየሱስ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክንፈሚካኤል ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰዓቱ ያያል። እንግዶቹን ቀና ብዬ አየኋቸው። አንዱ ስልኩን ይነካካል። አንዱ ይቀርጸኛል። ባለ ባርኔጣዋ በርኅራኄ ፈገግ ብላ እኔን እንጂ ያነበብኩትን አትሰማም። ልጅ ሲራመድ እንደሚታየው ነው የምታየኝ። አንቀጹ ሳያልቅ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡ።

ለካ ማንበቤን እንጂ ያነበብኩትን የፈለገው የለም። ዝም ብዬ ብመለስ ሁሉም ደስ ይለዋል። የልጄም ባጅ አንገቷ ላይ ይቀራል።

«አልጨረስኩም» አልኩ።

ጭብጨባው ረገበ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔ እመቤት። እኔ ወረቀቱን እንደተጻፈ አነበብኩት። አሁን ደግሞ እርስዎ ያሳዩኝ። ባሕሩ የት ነው?»

«እ?» አለች ባለ ባርኔጣዋ።

«ቡሬ ላይ ባሕር አለ ይላል። እዚህ ተወልጄ አርባ ሦስት ዓመት ኖርኩ፣ አላየሁትም። ያየሁት አሥራ አምስት ኩንታል ጨው ኩሬያችን ውስጥ ሲደፋ ነው። ስድስት መደብ ችግኝ ሲነድ ነው።»

«እናታችን ትንሽ ተደናግጠው ነው» አለ ክንፈሚካኤል። እየሳቀ መሃላችን ገባ። «ለምን ውጤቱን ራሱን አናይም? አደይ! ገመዱን አውጪ።»

አደይ አንዱን ገመድ ሳበች። ውሃው ተንጠባጠበ፤ የእናቴ ዛጎሎች በፀሐይ አብለጨለጩ። ባለ ባርኔጣዋ ተንጠራርታ አንዱን ነካችው። «ኦ! እንዴት ያምራል። የአካባቢው ዝርያ ነው?»

ክንፈሚካኤል ሊመልስ አፉን ከፈተ። አደይ ወደ እኔ አየች። ምን እንዳየችብኝ አላውቅም። እኔ ያየሁባት ግን ትከሻዋ ቀና ማለቱን ነው።

«አዎ፣ የአካባቢው ነው» አለች። «የሚበቅለው ግን ውሃ ውስጥ አይደለም። በእናቴ አገልግል ላይ ነው።»

ወለተ ኢየሱስ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ቀዳዳውን ይዩት» አለች አደይ። «መርፌ የገባበት ነው። እኔ ሃያ ሁለት ቅዳሜ ቆጥሬያለሁ፤ የዛሬውን ጨምሮ። ሃያ ሁለቱም ባዶ ነው። ጨው የገባ ጊዜ ደግሞ ኩሬው ውስጥ የነበረው ነፍስ ያለው ሁሉ አልቋል።» መዝገቧን ዘረጋችላት።

ባለ ባርኔጣዋ መዝገቡን አልተቀበለችም። ቀዳዳውን አየች፣ ክንፈሚካኤልን አየች፣ ከዚያ አብሯት ወደ መጣው ሰው ዞር ብላ፣ «ምሳው ቡሬ ነው ወይስ ፍኖተ ሰላም?» አለችው።

በዚህ መሃል ከላይ የነበሩት ከብቶች ልጆቹን ጥሰው ወረዱ። የአያ ገደፋው ቀይ በሬ ፊት ፊት ነበር። እንግዶቹ ወደ መኪናው ሲሮጡ የሚረግጡትን አልመረጡም። ክንፈሚካኤልም ሮጠ። ነጭ ጫማው ጭቃ የነካው ያን ዕለት ነው።

ባጁን በሦስተኛው ቀን ወሰዱባት። ክንፈሚካኤል ግን ክረምቱ ሳይገባ ለልምድ ልውውጥ ባሕር ወዳለበት አገር ተላከ ሲባል ሰማን። እዚያ ሲደርስ ባሕሩን እንዲያውቀው ነው መሰለኝ። ስለ ፕሮጀክቱ የወጣው የመጨረሻ ጽሑፍ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ጣቴን እያስኬድኩ ሁሉንም አነበብኩት። «በሙከራው አሥራ ስምንት ማስሎች ተስተውለዋል» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አልዋሹም።

ሰኔ ላይ ዘጠኛችንና አደይ ኩሬውን በባልዲ ገልብጠን አፈሰስነው፤ ወደ ማሳ ሳይሆን በደጄ ወደሚያልፈው መንገድ። ዝቃጩን ጠርገን አወጣን። ክረምቱ አጥቦ ሞላው። በዚያ ዓመት ስድስታችን የራሳችን ችግኝ አልነበረንም፤ ወለተ ኢየሱስ ከተረፈላት መደብ ችግኝ ነቅላ ሁለት ጥማድ የማይሞላ መሬቴ ላይ ተከለችልኝ። ስትጨርስ «አንቺ ጮማ ውሸት አንባቢ፣ ባሕሩ የት ነው ያልሽው!» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች።

አራተኛው ደላላ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ደጅ ነበርኩ። አደይ ከውስጥ ወጣች፤ ሰላም አለችው፣ ውሃ ሰጠችው።

«ባጅሽን ነጠቁሽ ሲባል ሰምቼ ነው» አለ። «እዚህ ምን ቀረሽ?»

«ቆይ» አለችውና ወደ ኩሬው ወረደች። ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። መነጽሩን አላስመለሷትም፤ ረስተውት ነው። ወደ ፀሐይ አዞረችና ብዙ ጊዜ አየች። ደላላው ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ።

«ሣሩ መጥቷል» አለች ለእኔ። «ከብቶቹም አሉ፣ ሦስት አራት ይሆናሉ።» ከዚያ ለሰውየው ብርጭቆውን አሳየችው። «ይህን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።»

ደላላው ውሃውን አይቶ ምንም አላየም። እየሳቀ ሄደ።

ሴቶቹ መስከረም ላይ ተሰብስበው ከመደቦቹ ጎን አሥረኛ መደብ ቆፈሩ። የአደይ ነው። በምትኩ በየሳምንቱ ውሃውን አይታ ትነግረናለች፤ መቼ እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚተው። አገልግሌን መልሳ ሰፍታዋለች፤ አሥራ ስድስት ዛጎል ነው ያለው፣ ሁለቱ ጭቃው ውስጥ ቀርተዋል። አሁንም ውሻ ሲጮህ በሩን አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ደላላ አይደለም። የአያ ገደፋው ቀይ በሬ ነው፤ ጨው የነበረበትን ቦታ እየላሰ።